የልጄን ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ብረት) አዲስ አበባ አስገጥሜ እዚህ ላስከታትላት?

የሚሚ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 12 ዓመቷ ነው። የላይኛው ጥርሷ ጎንና ጎኑ ተደራርቧል። በግራ በኩል ያለው ክራንቻዋ ደግሞ ጭራሽ አልወጣም። እዚህ አሜሪካ ሰፈራችን ያለ ኦርቶዶንቲስት (ጥርስ የሚያስተካክል ሐኪም) ጋ ወሰድኳት። ራጅ አነሷት፣ ፎቶ አነሷት፣ ከዚያ አንዲት ወረቀት ሰጡኝ፦ 6,200 ዶላር። ኢንሹራንሳችን የሚሸፍነው 1,500 ብቻ ነው፤ እሱም በዕድሜዋ አንድ ጊዜ። የቤት ኪራይ አለ፣ መኪና አለ፣ አገር ቤት የሚላክ አለ። እናንተው ታውቁታላችሁ።

ሐምሌ ላይ ለስድስት ሳምንት አዲስ አበባ እንሄዳለን። እህቴ "ቦሌ ጥሩ ክሊኒክ አለ፣ የዚያን ሩብ እንኳ አያስከፍሉም፤ እዚህ አስገጥመሽላት ሂጂ፣ ማጥበቁን እዚያ ያጠብቁላታል" ትለኛለች። እናቴ ደግሞ ጭራሽ አትንኪያት ባይ ናት። ሚሚ ከፊት ፍንጭት አላት፣ ከእሷ የወረሰችው ነው። "ፍንጭቷን ልታጠፊባት ነው!" እያለች በስልክ ትቆጣኛለች።

ያደረጋችሁት ካላችሁ ንገሩኝ። ይሆናል ወይስ አይሆንም?

አብዲ ቦሌ (አዲስ አበባ)

ይሆናል እንጂ! የአክስቴ ልጅ ከዱባይ መጥቶ አስገጥሞ ተመልሷል። ብረት ያው ብረት ነው፤ የትም ቢገጠም። ዝም ብለሽ አምጫት።

ሽቦና ላስቲክ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

አብዲ፣ ያ የአክስትህ ልጅ አሁን ማን ነው የሚያይለት?

አብዲ ቦሌ (አዲስ አበባ)

እሱን እንኳ አልጠየቅኩትም ሃሃ።

ሽቦና ላስቲክ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ጨዋታው ያለው እዚያ ላይ ነው።

የሚሚ እናት፣ እህቴ፣ እኔ እዚህ ኦርቶዶንቲስት ክሊኒክ ውስጥ ረዳት ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ግን ቀኑን ሙሉ እጄ ሰው አፍ ውስጥ ስለሚውል የማየውን ልንገርሽ።

ብሬስ እንደ ጫማ ለክተሽ ገዝተሽ የምትሄጂበት ነገር አይደለም። ጥርስ ላይ የሚለጠፈው ብራኬት ብቻውን ምንም አይሠራም፤ መያዣ ነው። ሥራውን የሚሠራው በመሃሉ የሚያልፈው ሽቦ ነው። መጀመሪያ ቀጭን የኒኬል ቲታኒየም ሽቦ ይገባል። ይህ ሽቦ ብታጣምሚው ወደ ቅርጹ ይመለሳል፤ ሲመለስ ጥርሱንም ይዞት ይሄዳል። ከዚያ ሽቦው በየጊዜው ወፈር እያለ ይቀየራል፣ መጨረሻ ላይ ጠንካራው የብረት ሽቦ ይመጣል። ጥርሱ በሚገፋበት በኩል አጥንቱ እየሟሟ ቦታ ይለቃል። ትቶት በመጣው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይሞላል። ይህ ሁሉ በወር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሄድ ነው። ለዚህ ነው በየ4 እስከ 8 ሳምንቱ ቀጠሮ የሚሰጠው። ጠቅላላው ብዙ ጊዜ ከዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ያልወጣ ክራንቻ ካለበት ከዚያም ሊረዝም ይችላል።

እንግዲህ አስቢው። ስድስት ሳምንት ማለት የመጀመሪያው ሽቦ ገና ሥራውን ሳይጨርስ እናንተ አውሮፕላን ላይ ናችሁ።

"ማጥበቁን እዚያ" የሚባለው ነገር ደግሞ በአፍ ቀላል ነው። ሌላ ሐኪም የጀመረውን ብሬስ የማይቀበል ክሊኒክ ብዙ ነው። የሚቀበለውም ቢሆን እንደ አዲስ ታካሚ ነው የሚያያት። አዲስ ራጅ፣ አዲስ ዕቅድ፣ አዲስ ውል ይመጣል። ብራኬቱ ራሱ ሽቦ የሚያልፍበት ቦይ ስፋቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ 0.018 ኢንች አለ፣ 0.022 ኢንች አለ። የእዚያኛው ከእዚህኛው ካልተስማማ ነቅለው በራሳቸው ይተካሉ። ሁለት ጊዜ ከፈልሽ ማለት ነው።

አሁን ወደ 6,200ው እንምጣ። መጀመሪያ ወረቀቱ ውስጥ ምን ምን እንዳለ ጠይቂ። ሪቴይነሩ (ብሬሱ ከወለቀ በኋላ ጥርሱን በቦታው የሚይዘው) ተካቷል? ብራኬት ቢሰበር ያስከፍላሉ? ሕክምናው ከታሰበው ጊዜ ቢያልፍ ተጨማሪ አለ? አንዳንዱ ርካሽ የሚመስል ዋጋ እነዚህን ሁሉ ለብቻ ይቆጥርና ከውዱ ይበልጣል። ወለድ የሌለው ወርሃዊ ክፍያ በሽ ነው፤ ጠይቂ፣ ቅድሚያ ክፍያውንም ቀንሱልኝ በይ። አንቺ ወይ ባልሽ በሥራ ቦታችሁ ፍሌክሲብል ስፔንዲንግ አካውንት ካላችሁ በእሱ መክፈል ይቻላል፤ ታክስ ያልተቆረጠበት ገንዘብ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን ዩኒቨርሲቲዎቹ ጋ ደውዪ። ዲሲ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ አለ። ባልቲሞር የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ትምህርት ቤት አለ። ይሄኛው በ1840 የተከፈተ ነው፣ በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ የሚባለው። ሁለቱም ጋ የጥርስ ሐኪም ሆነው ጨርሰው ኦርቶዶንቲስት ለመሆን የሚማሩ ሐኪሞች በመምህር ክትትል ይሠራሉ። ዋጋው ከግል ክሊኒክ ይቀንሳል። ወረፋ አለው፣ ቀጠሮው ረጅም ነው፣ መኪና ማቆሚያውም ያናድዳል። ሥራቸው ግን የተጣራ ነው፤ እያንዳንዷን ነገር መምህሩ መጥቶ ያያታል።

ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ያላችሁ ደግሞ አትዝለሉት። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ብሬሱ ለጤናው አስፈላጊ መሆኑ ከታየ ይሸፈናል። ሜሪላንድ ውስጥ ሄልዚ ስማይልስ ነው ስሙ። ለመልክ ብቻ ከሆነ አይከፍሉም። ጥርሱን ለክተው ነጥብ ይሰጣሉ፣ ነጥቡ ከሞላ ይፈቀዳል።

የሚሚ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። ሃዋርድን በደጁ እያለፍኩ ጥርስ እንደሚሠሩ አላውቅም ነበር። ሜዲኬይድ እንኳ የለንም፣ ገቢያችን ትንሽ ያልፈዋል። የማያስገባ፣ የማያስወጣ ቦታ ላይ ነን።

ስለ ክራንቻው የሚያውቅ ካለ አስረዱኝ። ሐኪሙ "እንቆይና እናያለን" ብቻ ነው ያለኝ። ለመሆኑ የሚያስፈራ ነገር ነው?

ድድና ጥርስ (አዲስ አበባ)

እንደምን አሉ፣ የሚሚ እናት። እኔ እዚህ አዲስ አበባ የጥርስ ሐኪም ነኝ። በገበያዬ ላይ መናገር ይሁንብኝና እህትዎ ያሉትን አይስሙ። እዚህ ብሬስ በደንብ የሚሠሩ ስፔሻሊስቶች የሉም ማለቴ አይደለም። ቁጥራቸው ጥቂት ነው እንጂ አሉ። ግን በስድስተኛው ሳምንት አገር ለቃ ለምትሄድ ልጅ ብሬስ የሚያስር ሐኪም ካለ እኔ እጠረጥረዋለሁ። ያለ ክትትል የተተወ ብሬስ ጨርሶ ካልታሰረው ይብሳል። ሽቦው ማንም ሳያየው መግፋቱን ይቀጥላል። ብራኬት ሲላቀቅ ጥርሱ ወደማይፈለግበት ይዞራል። ዙሪያው ምግብ እየያዘ ይቦረቡራል።

አሁን ክራንቻው። የላይኛው ክራንቻ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በ11 እና በ12 ዓመት አካባቢ ነው። ስለዚህ 12 ላይ አለመውጣቱ ብቻውን አያስደነግጥም። ጥያቄው ድዱ ውስጥ የት ተኝቷል የሚለው ነው። እየወረደ ከሆነና የጠበበው ቦታው ብቻ ከሆነ፣ ቦታ ሲሰፋለት ራሱ ይመጣል። አንዳንዴ የወተቱን ክራንቻ በጊዜ መንቀል ብቻ መንገዱን ይከፍትለታል። ወደ ላንቃ ዞሮ ከተጋደመ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የጎረቤቱን የፊት ጥርስ ሥር ሊበላው ይችላል። ልጅቷን ምንም አያማትም፤ ችግሩም ይህ ነው። ያኔ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ድዱ ይከፈታል፣ ክራንቻው ላይ ቀጭን ሰንሰለት ይለጠፋል፣ ሰንሰለቱ ከሽቦው ጋር ታስሮ ጥርሱ ቀስ እያለ ወደ ቦታው ይጎተታል። ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው።

ስለዚህ ሐኪሟን ሁለት ነገር ይጠይቁ። ክራንቻው ወዴት ነው የዞረው? የጎረቤት ጥርስ ሥር ተነክቷል ወይ? "እንቆይ" ካለ እስከ መቼ እንደሆነ ወር ይጥቀስልዎ። የራጁን ቅጂም ይውሰዱ፣ መብትዎ ነው። ሌላ ሐኪም ጋ ሲሄዱ ልጅቷ እንደገና ራጅ ላትነሳ ትችላለች።

ካነሳነው አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የእርስዎን ልጅ አይመለከትም። እዚህ ክራንቻው ተበላሽቶ ወይም ጭራሽ ጠፍቶ የሚመጣ ልጅ ስናይ እናቱን የምንጠይቀው "በሕፃንነቱ የወተት ጥርስ ተነቅሎለት ነበር?" ብለን ነው። ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው፣ ድዱ ላይ ያበጠችው የክራንቻ ቦታ ናት በሽታውን ያመጣችው ተብሎ በሹል ነገር ትወጣለች። ከሥሯ ያለው የቋሚው ጥርስ ፍሬ አብሮ ይጎዳል። ከዚያ በላይ ደግሞ ደም መፍሰሱና ኢንፌክሽኑ ሕፃኑን ራሱን ሊገድለው ይችላል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን የሚያስፈልገው ፈሳሽና ሐኪም ነው።

የዳሞት ልጅ (ባሕር ዳር)

ዶክተር፣ የእህቴ ልጅ ገጠር እያለች ተደርጎባታል። አሁን 9 ዓመቷ ነው። ምን ይደረግ?

ድድና ጥርስ (አዲስ አበባ)

አንድ ሙሉ የመንጋጋ ራጅ ያስነሷት። የቋሚው ክራንቻ ፍሬ አለ ወይስ የለም፣ ካለ ቅርጹ እንዴት ነው የሚለው ይታያል። 9 ዓመት ጥሩ ጊዜ ነው። ከሌለ ቦታውን ክፍት አድርጎ መጠበቅ ወይም በጎን ያለውን ጥርስ ወደዚያ ማምጣት ይታሰባል። አይቸኩሉ፣ ግን አይተዉት።

አወያይ

በግል መልእክት የክሊኒክ ስም እየተላለፈ ነው የሚል ቅሬታ ደርሶናል። የክሊኒክም የሐኪምም ስም እዚህ አይጠራም፣ ለማመስገንም ለመውቀስም። ቀጥሉ።

የወንጂው (አዳማ)

እኔም ልጠይቅ። ተወልጄ ያደግሁት ወንጂ ነው። የወንጂን ውሃ የጠጣ ሰው ከጥርሱ ይታወቃል፤ ቡናማ ነው። አሁን 31 ዓመቴ ነው። የታችኛው ጥርሴ ተጣሟል፣ ብሬስ ፈልጌ ነበር። አንድ ክሊኒክ "በዚህ ጥርስ ላይ አይይዝም" ብሎ መለሰኝ። ዕድሜዬም አልፏል አሉኝ። እውነት ነው?

ድድና ጥርስ (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ ዕድሜ አያልፍም። ድድህና አጥንትህ ጤነኛ ከሆነ በ31ም በ50ም ጥርስ ይንቀሳቀሳል። አዋቂ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ድዱ ነው፤ የድድ ሕመም ካለ እሱ ሳይታከም ብሬስ አይታሰርም።

ሌላው ግማሽ እውነት አለበት። የጥርስህ ቀለም ከፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በስምጥ ሸለቆው ብዙ ጉድጓድ ከዚያ በላይ ነው። ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ፣ እስከ 8 ዓመት አካባቢ፣ ያ ውሃ ሽፋኑን ይለውጠዋል። ከዚያ በኋላ ውሃ ብትቀይርም የወጣው ጥርስ አይለወጥም። እንዲህ ዓይነት ሽፋን ላይ የብራኬት ማጣበቂያ እንደሌላው በቀላሉ አይይዝም፤ ይህ እውነት ነው። ግን አይቻልም ማለት አይደለም። ላዩን ትንሽ ሞረድ አድርጎ ወይም ማዘጋጃውን አሲድ ረዘም ላለ ጊዜ አቆይቶ የሚለጥፍ ሐኪም ያስፈልግሃል። ብራኬት ከሌላው ሰው በላይ ሊላቀቅብህ ይችላል። ከመጀመርህ በፊት "ሲላቀቅ መልሶ መለጠፍ ይከፈልበታል?" ብለህ ተስማማ። ቀለሙን የማስተካከሉ ሥራ ከብሬሱ በኋላ ይሁን።

የወንጂው (አዳማ)

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። ለዓመታት የያዝኩትን ጥያቄ ነው የመለስክልኝ።

ብሬሷ (ሐዋሳ)

እኔ ብሬስ ላይ ነኝ፣ የካምፓስ ተማሪ። ስለ ሕክምናው ሁሉም ያወራል፣ ስለ ምግቡ ማንም አያወራም። እስቲ እኔ ላውራ።

እንጀራ ወዳጃችሁ ነው። ሽሮ ወዳጃችሁ ነው። ገንፎማ የመጀመሪያው ሳምንት ነፍስ አድን ነው፤ ሽቦ በተቀየረ ማግስት ሙዝ ማኘክ እንኳ ያማል። ሕመሙ ሁለት ሦስት ቀን ነው፣ ከዚያ ይረሳል። ጠላት ማለት ቆሎ ነው። በጾም ጓደኞቻችሁ ቆሎ ይዘው ሲመጡ ዞር በሉ። ዳቦ ቆሎም ያው ነው። ሸንኮራ አገዳ በጥርስ መላጥ የለም። የበቆሎ እሸት በቢላ ፈልፍላችሁ ብሉ። ጥብስ አጥንቱን መጋጥ ቀረ። ማስቲካና ከረሜላ ራሱ ብራኬት ይነቅላሉ።

ዋናው ምክሬ ግን ስለ ቀለም ነው። ሽቦውን ብራኬቱ ላይ የምታስር ትንሽ ላስቲክ አለች። ቀለም ምረጡ ይሏችኋል። እንዳይታይ ብላችሁ ግልጹን እንዳትመርጡ! እርድ ያለበት አልጫ አንዴ ከተበላ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ድረስ አፋችሁ ቢጫ ነው። በቡሩሽ አይለቅም። በርበሬም ያቀላዋል። ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ ምረጡና በሰላም ወጣችሁን ብሉ።

ሽቦው ከኋላ ወጥቶ ጉንጭ ቢወጋ፣ በንጹሕ እርሳስ የላጲሱ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ጥርሱ ግፉት። ካልሆነ ክሊኒኩ የሚሰጠውን ሰም ለጥፉበትና ሂዱ፣ ይቆርጡላችኋል። ራሳችሁ በጥፍር መቁረጫ አትሞክሩ፣ ቁራጩ ሊዋጥ ይችላል።

እትዬ ዘነቡ (አትላንታ)

ልጄ፣ መፋቂያስ? እኔ እስከ ዛሬ በመፋቂያ ነው ጥርሴ ያማረው።

ብሬሷ (ሐዋሳ)

እትዬ፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ብሬስ ላይ መፋቂያው ሽቦው ሥር አይገባም፣ ጭራውም እየተቆረጠ ይሰካል። ለሽቦው ሥር የምትገባ ትንሽ ሾጣጣ ቡሩሽ አለች፣ ፋርማሲ ትሸጣለች። ብሬሱ ሲወልቅ ወደ መፋቂያው እንመለሳለን።

ሽቦና ላስቲክ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ይህቺ ልጅ በደንብ ተናገረች። ስለ መቦረሽ እኔ ልጨምር፣ ምክንያቱም ሥራዬ ላይ በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

ብሬስ የሚወልቅበት ቀን የደስታ ቀን ነው። ቤተሰብ ካሜራ ይዞ ይመጣል። ብራኬቱን ስናነሳ አንዳንድ ልጅ ላይ ምን እናያለን መሰለሽ፦ ጥርሱ ቀጥ ብሏል፣ ግን ብራኬቱ ተለጥፎበት የነበረው ቦታ ዙሪያውን በነጭ ፍሬም ተከቧል። ኖራ የተቀባ ይመስላል። ያ የመቦርቦር መጀመሪያ ነው። ብራኬቱ ሥር ያለው ተሸፍኖ ስለቆየ ንጹሕ ነው፣ ዙሪያው ግን ሳይቦረሽ ከርሟል። በፍሎራይድ ሊደበዝዝ ይችላል፣ ሙሉ በሙሉ ግን ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ሁለት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ተከፍሎ ነጠብጣብ ያለው ቀጥ ያለ ጥርስ ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ ወላጆች፣ የ12 ዓመት ልጅ "ቦርሻለሁ" ሲላችሁ ማታ ማታ መብራት አብሩና እዩ። ከብራኬቱ በላይ አንዴ፣ ከብራኬቱ በታች አንዴ። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ይሁን። ኮካና ጭማቂ ቀኑን ሙሉ የሚጎነጭ ልጅ ካላችሁ እንደውም ብሬሱ ይቆይ ባይ ነኝ። ሐኪሞቹም ንጽሕናው ካልተስተካከለ ብሬሱን አውልቀው ሕክምናውን የሚያቆሙበት ጊዜ አለ።

ናኒ (ድሬዳዋ)

ሰላም። 19 ዓመቴ ነው። እኔ እንኳ ፍንጭቴን ብቻ ነው መዝጋት የምፈልገው። ቲክቶክ ላይ በትንሽ የፀጉር ላስቲክ ሁለቱን ጥርስ ማታ ማታ ማሰር አይቻለሁ። በርካሽ ነው። የሞከረ አለ?

ድድና ጥርስ (አዲስ አበባ)

ናኒ፣ እባክሽ አታድርጊው። የፊት ጥርስ ወደ ሥሩ እየቀጠነ ነው የሚሄደው። ላስቲኩ ተንሸራቶ ድዱ ሥር ይገባና ይጠፋል። ወደቀ ትያለሽ፣ እሱ ግን ሥሩን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። አጥንቱን እየበላ ሁለቱንም ጥርስ ይነቃንቃቸዋል። በዚህ የተነሣ ጤነኛ የፊት ጥርሳቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። ፍንጭቱን ልትዘጊ ሁለት ጥርስ ታጪያለሽ።

አብዲ ቦሌ (አዲስ አበባ)

አንቺ ልጅ ደግሞ ፍንጭት ይዘጋል እንዴ? ለዚህች ፍንጭት ስንቱ ዘፍኗል!

ናኒ (ድሬዳዋ)

ዘፋኙ ቢዘፍንም አፉ የእኔ ነው።

ሽቦና ላስቲክ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ጎበዝ ናኒ። የሚሚ አያትም ደስ ይበላቸው፤ ፍንጭት ብቻውን በሽታ አይደለም። ልጅቷ ካልጠላችው መዝጋት ግዴታ አይደለም። ለኦርቶዶንቲስቱ ከመጀመሪያው "ይህቺን ክፍተት ተውልኝ" ማለት ይቻላል፣ ዕቅዱ ውስጥ ይጽፈዋል። ሊጨርስ ሲል ከተነገረው ግን ረፍዷል። ሚሚን ራሷን ጠይቂያት። ሁለት ዓመት ብረቱን የምትሸከመው እሷ ናት፣ ካልፈለገችው አትቦርሽም፣ ሐኪሙ የሚሰጣትን ላስቲክም አታደርግም።

ከ7 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች ፍንጭት ደግሞ የተፈጥሮ ነው። ብዙ ጊዜ ክራንቻዎቹ ሲወርዱ ገፍተው ይዘጉታል። እዚህ ግባ በማይባል ነገር አትደንግጡ።

የመንትዮቹ አባት (ፍራንክፈርት)

ስለ 7 ዓመት ካነሳችሁ፦ ልጅ መጀመሪያ ኦርቶዶንቲስት ጋ መሄድ ያለበት መቼ ነው? የእኛዎቹ 6 ሞልቷቸዋል። አንደኛው አሁንም ጣቱን ይጠባል።

ድድና ጥርስ (አዲስ አበባ)

የአሜሪካ ኦርቶዶንቲስቶች ማኅበር እስከ 7 ዓመት አንዴ ይታይ ይላል። ያኔ የመጀመሪያዎቹ ቋሚ የመንጋጋ ጥርሶች ወጥተዋል፣ የፊቶቹም እየመጡ ነው። ይታይ ማለት ብሬስ ይታሰር ማለት አይደለም። አብዛኛው ልጅ "ደህና ነው፣ ከዓመት በኋላ ና" ተብሎ ይመለሳል። የሚፈለገው የላይኛው መንጋጋ ጠብቦ በታችኛው ውስጥ የገባበት ልጅ ነው። እሱ በልጅነት ላንቃ በሚያሰፋ መሣሪያ ይስተካከላል፣ ካደገ በኋላ ግን አጥንቱ ስለሚገጥም ከባድ ነው። ጣት መጥባቱን አሁን ማስተው ጀምሩ፣ ቋሚ የፊት ጥርሶቹ ሳይወጡ። በቁጣ ሳይሆን በማባበል። አፉን ከፍቶ የሚተኛና የሚያንኮራፋ ልጅ ካለ ደግሞ መጀመሪያ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው።

የመንትዮቹ አባት (ፍራንክፈርት)

አመሰግናለሁ። ጀርመን ላላችሁ ላካፍል፦ ከ18 ዓመት በታች ከሆነና መዛባቱ በመለኪያቸው 3 እና ከዚያ በላይ ደረጃ ካገኘ መንግሥታዊው የጤና መድን ይከፍላል። ወላጅ 20 በመቶውን በየጊዜው ይከፍላል፣ ልጁ ሕክምናውን በወጉ ሲጨርስ ይመለስለታል። አብሮ የሚታከም ሁለተኛ ልጅ ላይ 10 በመቶ ነው። ደረሰኙን አትጣሉ! ያልጨረሰ አይመለስለትም።

ሀና (ለንደን)

እዚህም በኤንኤችኤስ (በመንግሥት የጤና አገልግሎት) ከ18 በታች ነፃ ነው፣ ግን ችግሩ ከበድ ያለ መሆን አለበት፤ እነሱም በነጥብ ነው የሚለኩት። ወረፋው አይጣል ነው። ልጁ 17 እስኪሞላው አትቆዩ።

ኪዳን (ሲያትል)

ያለ ሐኪም በፖስታ የሚላከው ግልጹ ፕላስቲክስ? ርካሽ ነው ይላሉ።

ሽቦና ላስቲክ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እንዲህ በፖስታ ይልክ የነበረውን ድርጅት፣ ስማይል ዳይሬክት ክለብን አስታውስ። በታኅሣሥ 2023 በፈረንጆቹ ተዘጋ፣ ሕክምና መሃል ላይ የነበሩ ሰዎች አየር ላይ ቀሩ። ግልጽ ፕላስቲኩ ራሱ መጥፎ አይደለም፣ በሐኪም እጅ ሲሆን ጥሩ ይሠራል። በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መዋል አለበት። ቡና ስትጠጣ ታወልቃለህ። ቀኑን ሙሉ ሲኒ የማይለየው ሐበሻ ከሆንክ ግን ራስህን ፈትሽ ሃሃ። ችግሩ ያለው ራጅም ሳይነሳ፣ ድድም ሳይታይ በፖስታ ሲላክ ነው።

ታዛቢ (አዲስ አበባ)

እኔ ቅሬታ አለኝ። ስም አልጠራም። ብሬሴን አውልቀው "ጨርሰሃል፣ እንኳን ደስ አለህ" ብለው ሸኙኝ። ስለ ሪቴይነር ያነሳ የለም። ከወራት በኋላ የታችኛው ጥርሴ መጣመም ሲጀምር ስሄድ "እሱ ለብቻው ይከፈላል" አሉኝ። ይህ አግባብ ነው?

ድድና ጥርስ (አዲስ አበባ)

አግባብ አይደለም። ሪቴይነር የሕክምናው ክፍል ነው። ጥርስ ወደ ድሮ ቦታው መመለስ ይፈልጋል። በዙሪያው ያለው አጥንትና ጅማት እስኪረጋ መጀመሪያ ላይ ለወራት ቀንም ማታም ይደረጋል። ከዚያ ማታ ማታ፣ ጥርሱ ቀጥ ብሎ እንዲቀር እስከፈለጉ ድረስ፤ ማለትም ዕድሜ ልክ። ከጥርሱ ጀርባ የሚለጠፍ ቀጭን ሽቦም አለ፣ እሱ ሳይታይ ይቀመጣል፣ ግን በየጊዜው መታየትና በደንብ መጽዳት አለበት።

አሁንም ቶሎ ይሂዱ። የተጣመመው ትንሽ ከሆነ ብሬስ ሳይመለስ ሊስተካከል ይችላል።

ሽቦና ላስቲክ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ለሁለተኛ ጊዜ ብሬስ ሊያሳስር የሚመጣ አዋቂ ሁሉ አፉን ከመክፈቱ በፊት ምን እንደሚለን እናውቃለን፦ ሪቴይነሩ ጠፋ። ብዙው የሚጠፋው ምግብ ቤት ነው። ልጁ አውልቆ በሶፍት ይጠቀልለዋል፣ እናት ወይ አስተናጋጅ ጠራርጋ ትጥለዋለች። በሳጥኑ ውስጥ ካልሆነ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ። በፈላ ውሃም አትጠቡት፣ ቅርጹ ይጣመማል።

ሳሚ (ጎንደር)

ዲቪ ደርሶናል፣ ቃለ መጠይቅ እየጠበቅን ነው። ልጄ ብሬስ ከጀመረ ቆይቷል። ከመሄዳችን በፊት ምን ላድርግ?

ድድና ጥርስ (አዲስ አበባ)

አሁኑኑ ለሐኪሙ ይንገሩት፣ ቪዛው እስኪመታ አይጠብቁ። ለመጨረስ ጥቂት ወራት ከቀረው እዚህ ማስጨረስ ይሻላል። ብዙ ከቀረው የመጀመሪያውንና የአሁኑን ራጅ፣ ፎቶዎቹን፣ የሕክምና ዕቅዱን፣ የብራኬቱን ዓይነትና አሁን ያለበትን ሽቦ በጽሑፍ ያሰጡት፣ በእንግሊዝኛ። የቀረ ክፍያ ካለም ሂሳቡ ይጻፍ። አንዳንዴ ደግሞ እዚህ አውልቆ ሪቴይነር አድርጎ ሄዶ እዚያ እንደገና መጀመር ይመረጣል። ይህን ሐኪሙ ይወስን።

የሚሚ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ወገኖቼ። የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ራጁን ተቀብዬ ሃዋርድ ወሰድኳት። ክራንቻው ወደ ላንቃ ዞር ብሏል፣ የጎረቤቱ ሥር ግን አልተነካም አሉ። የወተቱን ክራንቻ ነቅለው ቦታ በማስፋት ይጀምራሉ፤ ራሱ ካልወረደ ያ ሰንሰለት ይደረጋል። ዋጋው ከመጀመሪያው ክሊኒክ በጣም ቀንሷል፣ ሪቴይነሩም ውስጡ አለ፣ በየወሩ እንከፍላለን። ፍንጭቷን ሚሚን ጠየቅኳት፣ "ለአያቴ ስል ይቆይ፣ ትልቅ ስሆን እወስናለሁ" አለችኝ። ዕቅዱ ላይ አስጽፌዋለሁ።

ጥያቄ አለኝ። ብሬሱ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ይታሰራል። ሐምሌ ላይ ደግሞ ስድስቱን ሳምንት አዲስ አበባ ነን። እዚያ ሳለን አንድ ነገር ቢሰበርስ?

ሽቦና ላስቲክ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እሰይ! ቀጠሮውን አሁኑኑ ከጉዞው ጋር አስተካክዪ። ልክ ከመሄዳችሁ ጥቂት ቀን በፊት አንዴ ትታይ፣ በተመለሳችሁበት ሳምንት ደግሞ ሌላ ቀጠሮ ያዢ። ስድስት ሳምንት መሃል ላይ ቢያልፍ ምንም አይደለም። ከመታሰሩ በፊት ግን ለሐኪሟ ንገሪው፤ እሱ ከጉዞው በኋላ ይሁን ካለ አትከራከሪው።

ሰም ደርበሽ ያዢ፣ ላስቲክ ከሰጧትም ትርፍ ጠይቂ። አንድ ብራኬት ተላቆ ሽቦው ላይ ቢንጠለጠልና ካላመማት ተዉት፣ ስትመለሱ ይለጠፋል። ፎቶ አንሥተሽ ለሃዋርድ ላኪ። ሽቦ ከወጋት ማንኛውም የጥርስ ሐኪም ጫፉን ይቆርጥላታል፤ "ቁረጡልኝ እንጂ አታጥብቁት" በይ። ሐኪሟ በኢሜይል ካላዘዘ ሽቦ የሚቀይርላት እንዳይኖር።

ሰሙንና ላስቲኩን የእጅ ሻንጣ ውስጥ አድርጊው። ትልቁ ሻንጣ አዲስ አበባ ሳይደርስ ሌላ አገር ሲዞር ሊከርም ይችላል።

ብሬሷ (ሐዋሳ)

እህቴ፣ ዘመድ ቤት ሁሉ ቡና ሲፈላ ቆሎ ይቀርባል። "ውሰጂ እንጂ የኔ ልጅ" እያሉ እጇ ላይ ያፈሱላታል። ሚሚ እምቢ ማለት እንዳይከብዳት። ፈንዲሻም እንዳትነካ፤ ቅርፊቱ ድድ ሥር ይገባል። አምባሻ ይሻላታል።